በእናቴ ዓይን ውስጥ የጨመቅሁት ሎሚ

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እኔና እናቴ ቡራዩ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ከደቡብ የመጣችው ፋብሪካ ልትሠራ ነው። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ግን የተከራየንበት ግቢ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና እየሠራች ለምግብ ቤቶች ማስረከብ ጀመረች።

ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ አልነበረውም። የኬሚስትሪ መምህራችን ሎሚና የአመድ ውሃ በኩባያ ይዞ መጣና «አሲድና ቤዝ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል» አለን። እናቴ ሳሙናውን የምትሠራበት ኮስቲክ ሶዳም ቤዝ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ስነግራት «እንግዲያ ኬሚስት ወልጃለሁ» ብላ ሳቀች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ያጣድፋታል። ሌላ ጊዜ ሶዳውን ውሃ ላይ በትንሽ በትንሹ ነበር የምትጨምረው። የዚያን ዕለት ሶዳው ባልዲው ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ስለነበር ውሃውን ከላይ ደፋችበት። ፈልቶ ተፈናጠረ። ቀኝ ዓይኗን ይዛ ወደቀች።

አከራያችን በእርሻ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። «ቢሻን! ቢሻን! ውሃ!» እያሉ ጀሪካን ይዘው መጡ። ፊታቸው ቆምኩ።

«አይሆንም አባባ! ውሃ ሲነካው እንዴት እንደፈላ አላዩም? የሚያጠፋው አሲድ ነው።»

«የምን አሲድ? ዓይን እኮ ነው አንቺ ልጅ!»

አልሰማኋቸውም። ሮጬ ገብቼ ሎሚ ቆረጥኩ። «እማ፣ ዓይንሽን ክፈቺ፣ ተምሬዋለሁ» አልኳት።

ያን ሁሉ ሥቃይ ችላ ከፈተችልኝ።

ጩኸቷን አልጽፈውም። ሽማግሌው ገፍትረውኝ ጀሪካኑን ሙሉ አፈሰሱባት። ግን ስንት ደቂቃ አልፎ ነበር?

ሆስፒታል ሐኪሟ «ወዲያው በውሃ ታጥቧል? ሌላ የገባበት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። አፌን ልከፍት ስል እናቴ እጄን ጨበጠችኝ።

«ውሃ ብቻ» አለች።

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ።

ዓይኗ ነጭ ሆኖ ቀረ። ለመምህሬ ስነግረው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና «ኩባያ ውስጥ ነበር ያልኩት» አለኝ። በማግስቱ ክፍል ገብቶ «ሰውነት ላይ ከፈሰሰ ብዙ ውሃ፣ ሌላ ምንም» ብሎ በትልቁ ጻፈ። ምክንያቱን አልተናገረም። ልጆቹ ገለበጡ፤ እኔ እስክሪብቶ ማንሳት አቃተኝ።

ከዓመታት በኋላ እናቴን ለምን እንደዋሸች ጠየቅኋት።

«ያን ቀን ከዓይኔ ሌላ አንቺንም በጸጸት እንዳላጣሽ ፈራሁ» አለችኝ።

ዓይኗን ያጠፋው ሶዳው ይሁን፣ ሎሚው ይሁን ወይም እኔ ያባከንኩት ደቂቃ፣ እስከ ዛሬ ሐኪም ጠይቄ አላውቅም። መልሱን እፈራዋለሁ።