ሁለተኛው ገመድ

ልብስ ሰፊዋ ሱቋን የምታጋራው ሰውዬ ዛሬም ቀኝ እጁን በግራው አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ሥራውን ጀመረ። የኮቱ ቁልፎች አንድም ሳይቀር ተቆልፈዋል። ይህ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ታውቃለች፤ ልርዳህ ብላው ግን አታውቅም።

ፊት ለፊቱ ሲንተሳይዘር የሚባለው አሮጌ የኤሌክትሪክ ኦርጋኑ፣ አጠገቡ ደግሞ የድምፅ ማጣሪያ ሣጥን አለ። ሣጥኑ በማዞሪያው ሲዘጋ ድምፁ ይታፈናል፤ ሲከፈት ይጠራል። ድሮ በግራው እየተጫወተ በቀኙ የሣጥኑን ማዞሪያ ያዞር ነበር። ቀኝ እጁ ከሰለለች ወዲህ ግን የሚያዞርለት የለም። ዛሬ ካልሆነልኝ ሁለቱንም ለሰው እሰጣለሁ ብሏል።

አንድ ገመድ ከሲንተሳይዘሩ ወደ ሣጥኑ ሰካ። አረፍ ብሎ ሁለተኛውን ሰካ።

«ጋሼ፣ አንዱ አይበቃህም?»

«አንዱ ድምፁን ያደርሳል። በዚህኛው የሚሄደው ቮልት ብቻ ነው። ቀጭን ድምፅ በነካሁ ቁጥር ቮልቱ ይጨምራል፤ ሣጥኑም በዚያው ልክ ራሱ ይከፈታል።»

«ማዞሪያውንስ ማን ያዞረዋል?»

«ማንም። ድሮ እሷ ነበረች» አለ፣ በአገጩ ጭኑ ላይ ወዳለችው እጁ እያመለከተ።

በግራው ተጫወተ። ከታች ታፍኖ የተነሣው ድምፅ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየጠራ ሄደ። የልብስ ሰፊዋ እግር የስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ ቆመ።

«እሰይ! ሆነልህ እኮ!»

«ሆነ» አለ፣ ደረጃ ወጥቶ እንደጨረሰ ሰው። ከዚያም ቀኝ እጁን በግራው ከጭኑ አንሥቶ ማዞሪያው ላይ አሳረፋት።

«እሷ ደግሞ እዚያ ምን ልትሠራ?»

«ምንም። አርባ ዓመት ቦታዋ ነበር፤ ትቀመጥ።»