መጨረሻው ያማረ ልብወለድ

ደክሞኛል። «ጋዜጠኛ ነህ ወይስ ደራሲ?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ማኪያቶዬን ትቼ መሄድ ያምረኛል። ፒያሳ ላይ ሁለቱንም ሆኜ ነው ያረጀሁት፤ መሀላቸው ያለውን ድንበር ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሰፈራችን ሊፈርስ ሲል ከጀርባችን ካለው ግቢ አንዲት እናት መጡብኝ። ልጅ ሆኜ ያሳደጉኝ ያህል ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ገበያም ቤተክርስቲያንም እጃቸውን ይዘው የሚወስዷቸው የዕድሜ ልክ ጎረቤታቸው ናቸው። ምትክ ቤት ሲሰጥ ግን አንዳቸው ከከተማው በዚህ ጫፍ፣ ሌላኛቸው በዚያ ጫፍ ደረሳቸው።

«ጋዜጣህ ላይ አውጣልኝ ልጄ፤ ከእሷ አጠገብ እንዲያደርጉኝ። ሹሞቹ ያነባሉ አሉ።»

ጻፍኩት። አንድም ነገር አልጨመርኩም፤ እንዲያውም እንባቸውን ቀነስኩ።

አዘጋጁ አነበበና «ቆንጆ ነው» አለኝ። እሱ ቆንጆ ካለ አንድ ነገር ሊያስቀይረኝ ነው።

«ዜና አድርገን ካወጣነው ነገ ከላይ ስልክ ይደወላል። አጭር ልብወለድ እንበለው፤ የገባው ይገባዋል። ብቻ ልብወለድ መጨረሻ ይፈልጋል፤ አንድ ነገር ጣል አድርግበት።»

የመከራከር አቅም አልነበረኝም። ከሚቀር ይሻላል ብዬ ሁለቱን ጎረቤታሞች አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር አኖርኳቸው። በሳምንቱ አራት ኪሎ ያገኘኝ ሁሉ «ምናብህ ግሩም ነው» እያለ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኝ ነበር። ምናብ! ሰው እንዴት እንደሚሰለች ያን ሳምንት አወቅሁ።

ለእማማም እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው፤ ልብወለድ ተብሎ እንደወጣም ነገርኳቸው። «ምን ቸገረኝ፣ እኔው ነኝ» አሉና ጋዜጣውን አስይዘው ምትክ ቤት ወደሚሰጠው ቢሮ ወሰዱኝ።

ኃላፊው ትሁት ወጣት ነው። ስሜን ሲሰማ ብድግ ብሎ ጨበጠኝ።

«አንብቤዋለሁ! ባለቤቴማ አለቀሰች።»

«ሴትየዋ እኚህ ናቸው» አልኩት። «ታሪኩ የእውነት ነው።»

ፊቱ በራ። ወደ እማማ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«እንኳን ደስ ያለዎት እማማ! ከጎረቤትዎ ጋር በር ለበር ሆናችሁ አይደል?»

እኔ ወለሉን አየሁ።

«የጋዜጣዋ ሴትዮ አግኝታለች የኔ ጌታ» አሉት እማማ። «እኔ ነኝ ያላገኘሁት።»