ከደንገጎ በላይ የቀረችው

ስምረት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ተወልዳ፣ እዚያው ከዚራ አርባ ስድስት ዓመት የኖረች ሴት ናት። አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸውም እናቷም ካረፉ ወዲህ ያን ሰፊ ግቢ ብቻዋን ትዞርበታለች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የተሰፋ ሸሚዝ ትመረምራለች። ቁልፉ የላላ፣ ክሩ የተረሳ ሸሚዝ ከዓይኗ አያመልጥም። እሷን ግን የሚያስተውላት የለም። ሰዎቹ ክፉ ሆነው እንዳይመስላችሁ፤ ድሬ ሦስት ቋንቋ እየቀላቀለ ሲያወራ የሚውል ከተማ ነው፣ ስምረት ደግሞ በአንዱም ብዙ አታወራም። እንዲህ ያለ ሰው እኛ መካከል ይጠፋል፣ አለቀ።

አንድ እሑድ የፋብሪካው ሠራተኞች ሃይገር አውቶቡስ ተከራይተው በዳገቱ አናት ካለችው ከደንገጎ በላይ ወዳለው የመንግሥት ደን ለሽርሽር ወጡ። አስተባባሪዋ ዛምዛም ነበረች፣ የስምረት የስፌት መስመር ኃላፊ፣ ሳቋ ከመኪና ጥሩምባ የሚበልጥ የመጋላ ሰፈር ልጅ። ዛምዛም አንድ የማትሽረው ሕግ አላት፤ ሰው አትቆጥርም። «እናቴ ሰው በጣት ከተቆጠረ ዓይን ይገባበታል እያለች ነው ያሳደገችኝ» ትላለች። ስለዚህ ሃይገሩ ሊነሳ ሲል መተላለፊያው ላይ ትቆምና «አቦ፣ ጎናችሁን እዩ! ጓደኛ የጎደለበት አለ?» ብላ ትጣራለች። «የለም» ይላል ሁሉም፤ ይነዳል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ጎኑ ሰው ላለው።

የስምረት ጎን ባዶ ነበር። ስትሄድ ቦርሳዋን እዚያ አስቀምጣ ነበር፤ ኋላ ምናልባት ሰው ቢመጣ ብላ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ማንም አልመጣም።

ደኑ ውስጥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የድሬ ልጅ መቼም ብርድ አያውቅ፣ በካናቴራ የመጣው ሁሉ የምንጣፍ ላስቲክ ተከናንቦ ይስቃል። ኳስ ተመታ፣ ዘፈን ተከፈተ። ምሳ ላይ ዛምዛም ስምረትንም አጎረሰቻት፣ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ከምሳ በኋላ ግን ሁሉም ከየጓደኛው ጋር ፎቶ ለመነሳት ተበታተነ፤ ስምረትም ብቻዋን ወደ ጥዶቹ ገባች።

እዚያ ጉሬዛዎች አገኘች። እናት፣ አባት፣ ነጭ ግልገል፣ አንዱ የሌላውን ፀጉር እየፈተሸ። ከዛፉ ሥር ተቀምጣ አንገቷ እስኪደክም ስታያቸው ቆየች። ደስ አላት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ጥሩምባ ሲነፋ ሰምታለች፤ የመንገዱ የጭነት መኪና መሰላት።

ስትመለስ ሣሩ ተረጋግጧል፣ የውሃ ፕላስቲክ ተበትኗል፣ ሃይገሩ የለም። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

የደኑ ጠባቂ ሱሌማን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከጎጇቸው ወጥተው አዩአትና «ኮቱ፣ ነይ» ብለው ደጃቸው ወዳለው መቀመጫ ድንጋይ ጠሯት። «ትተውሽ ሄዱ እንዴ? ስልክ የለሽም?»

«አለኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ደውዪ እንጂ! ገና ሩቅ አልሄዱም።»

ስልኳ ባትሪም ኔትወርክም ነበረው። የዛምዛምን ቁጥር አወጣች፤ ጣቷ ግን አልታዘዝ አላት። «እነሱ ይደውላሉ» አለች። ልቧ እልህ ያዘው። አርባ ሰው ነው የተሳፈረው፤ ከአርባ ሰው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ስምረትስ?» ይበል። ሌላ ምንም አልፈለገችም። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ ሳያልፉ ይላሉ አለች። ከዚያ ደንገጎ ሲደርሱ። ከዚያ ቁልቁለቱን ሲጨርሱ። ጭጋግ ወረደ፤ ሱሌማን ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡላትና አጠገቧ ተቀመጡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ። ዛምዛም ናት። ስምረት ከድንጋዩ ብድግ አለች፤ እንባዋ ቀድሟት መጣ።

«ስምረቴ፣ እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ? በሰላም ገባሽ?»

«የት ነው የምገባው?»

«ቤትሽ ነዋ! ከዚራ ጋ የወረድሽ መሰለኝ፤ አንቺ ደግሞ ደህና ዋሉ እንኳን ሳትዪ ውርድ ነው። ሁሉ ጋ እየደወልኩ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ገብቷል፣ አንቺ ነበርሽ የቀረሽው።»

አሁን መናገር ትችል ነበር። ዛምዛም ብትሰማ ፊቷን እየነጨች ሃይገሩን ራሷ አዙራ ትመጣ ነበር፤ እንደዚያ ያለች ሴት ናት። ስምረትም ይህን ታውቃለች።

«አዎ፣ ከዚራ ጋ ነው የወረድኩት» አለች። «ገብቻለሁ።»

«በቃ፣ እረፊ። ነገ እንገናኝ።»

ሱሌማን አማርኛ አሳምረው ይሰማሉ። ግራ ገብቷቸው ቀና ብለው አዩአት። «አንቺ ልጅ፣ ለምን ዋሸሻት?»

«መጥታ ትወስደኝ ነበር» አለች ስምረት። «እኔ ደግሞ እንድትወስደኝ አልነበረም የፈለግሁት።» ከዚያ ጋቢውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ሽማግሌውም ወደ ድሬ የሚወርድ አይሱዙ ሊያስቆሙላት ወደ አስፋልቱ ሄዱ።