የሐርቡ ኮምፒውተሮችና የእኔ ሐቅ

የቀድሞ አሠሪዬ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለችው የጥገና ሱቄ ሲገባ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ደስታ ነበር። ያ ሰው ቸግሮት እዚህ ደጃፍ ላይ እንዲቆም ስንቴ ዱዓ እንዳደረግሁ አላህ ያውቃል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። እኔ ግን ቂሜን ይዤ ስሰግድ አንድም ቀን አስሎኝ አያውቅም።

ኮምቦልቻ እሱ ሱቅ ተቀጥሬ በምሠራበት ጊዜ ሐርቡ ላለ አንድ ትምህርት ቤት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አስረከብን። ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓተ ክወና የጫንኩባቸው እኔ ነኝ፤ ነጻ ነው፣ ለአሮጌ ማሽን አይከብድም፣ ቫይረስም እንደ ሌላው አይደፍረውም። ክረምቱን ሙሉ ተነቅለው ከርመው መስከረም ላይ ሲበሩ ግን አንዳቸውም አልነሳ አሉ። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው የሚነሱበት ዲስክ እንደሌለ የሚናገር ጽሑፍ ብቻ ነው። አሠሪዬ መምህራንና ወላጆች በተሰበሰቡበት ብድግ ብሎ «ይቺ ልጅ ናት ያበላሸቻቸው፤ በማታውቀው እየገባች!» አለ። እዚያው ተቀምጬ ነበር። ልያቸው ብል እንዳልነካቸው ከለከለኝ፤ በማግስቱም ከሥራ አስወጣኝ። ከዚያ ወዲያ ኮምቦልቻ ውስጥ የሚቀጥረኝ ጠፋ። ደሴ ወጥቼ የራሴን ሱቅ እስክከፍት ድረስ ስሜ «ኮምፒውተር ገዳይዋ» ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም» አለና ማሽኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «የጠየቅሁት ሁሉ ፎርማት ተደርጎ ያለው ሁሉ ይጥፋ ነው የሚለኝ። የልጄ የኒካህ ፎቶ እዚህ ውስጥ ነው፤ የደንበኛም ሥራ አለበት። ከአንቺ በቀር ይሄን የሚያውቅ የለም።» ከዚያ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ «ደሞ ለሐጅ ልሄድ ነው፤ አፉ በይኝ» አለ።

እኛ ዘንድ ለሐጅ የሚነሳ ሰው እየዞረ አፉታ ይጠይቃል። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ካልተወው በቀር በአኺራ፣ በወዲያኛው ዓለም ፍርድ፣ አይሰረዝምና የበደለውን ሁሉ «አፉ በሉኝ» ይላል። ተጠያቂው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በደሉ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ «አፉ ብያለሁ፣ በሰላም ግባ» ብሎ ይሸኛል። የተማመነው በዚህ ልማዳችን ነው። የእኔን አፉታ ከኮምፒውተር ጥገና ጋር ባንድ ጉዞ ሊጨርሰው መጥቷል። ደሜ ፈላ።

«መጀመሪያ ማሽኑን እንየው» አልኩት። ስከፍተው ሳቄ መጣ። ውስጡ ያለው እዚያ ሳለሁ የጫንኩለት ሊኑክስ ነው። ሐርቡ ላይ ያወገዘውን ነገር እሱ ራሱ ሲገለገልበት ኖሯል።

ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ጽሑፍ ወረደና «ከርነል ፓኒክ» በሚል ቆመ። ከርነል የሊኑክስ አስኳል ነው፤ ዲስኩን ፈልጎ ሲያጣ ደንግጦ ይቆማል።

«ማሻሻያ እየጫነ ሳለ መብራት ሄዶ ነበር?»

«አዎ! በምን አወቅሽ?»

አዲሱ ከርነል ዲስኩን የሚያገኝበት ፋይል ተዘጋጅቶ ሳያልቅ መብራት ጠፍቶበታል። አሮጌው ከርነል ግን አጠገቡ በደኅና ተቀምጧል። ማሽኑ ሲነሳ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከሚመጣው ዝርዝር አሮጌውን መምረጥ ነው፤ ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አይፈጅም። አልመረጥኩም። አንድ ትእዛዝ ብጽፍ ደግሞ ዲስኩ ባዶውን ይቀር ነበር። እሱንም አስቤዋለሁ፤ ጣቶቼ ቁልፎቹ ላይ እንዳሉ ጥቂት ቆየሁና ማሽኑን አጠፋሁት።

«ይነሳል፤ ፎቶውም አልጠፋም» አልኩት። «ግን ስሜን ያጠፉት ሐርቡ ነው። እዚያው ሄደው ያንሱልኝ። እስከዚያ ማሽኑ እዚህ ይቆይ።»

«እንዴ አንቺ ልጅ! ወላሂ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ጋሼ።»

በማግስቱ በእሱ መኪና ወረድን። መንገዱን ሙሉ በልቤ ምን እንደሚናገር እያዘጋጀሁለት ነበር፤ ድምፁን ዝቅ ካደረገ «ጎላ አድርገው» ልለው ቆርጫለሁ።

ያኔ የነበሩት የኮምፒውተር መምህር ተቀበሉንና ክፍሉን ከፈቱልን። ተማሪዎች ሞልተውታል። ኮምፒውተሮቹ እኔ የሠራኋቸው ናቸው፤ ሁሉም በርተዋል፤ ላያቸው ላይ ያለውም እኔ የጫንኩት ሊኑክስ ነው።

«ምን ሆነው ነበር?» አልኳቸው መምህሩን።

«ባትሪ ነዋ! ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ። ተነቅለው ሲከርሙ አልቃ፣ ማሽኖቹ ከየት እንደሚነሱ ጠፍቷቸው ነው። ባትሪ ቀይረን ቅንብሩን ስንመልሰው ተነሱ። አንቺ ከሄድሽ ሳምንትም አልሞላ።»

«ታዲያ ለምን አልተነገረኝም?»

መምህሩ ግራ ገብቷቸው ወደ አሠሪዬ ዞሩ። «ለእርሳቸው ያን ጊዜውኑ ደውዬ ነግሬያቸው የለ! ልጅቱ አላጠፋችም፣ ንገሯት አልኳቸው። እነግራታለሁ ብለውኛል እኮ።»

እሱ ወለሉን ያያል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማውቀው ተሳስቶ እንደፈረደብኝ ነበር። ለካ እያወቀ ነው በር ሁሉ ሲዘጋብኝ ዝም ብሎ ያየው። ትናንት አፉ በይኝ ሲለኝም እያወቀ ነው።

«አፉ በይኝ» አለ። ተማሪዎቹ እየሰሙት ነው፤ ድምፁም ጎላ ብሏል።

«በያቸው እንጂ ልጄ፣ ለሐጅ የሚሄድ ሰው ናቸው» አሉኝ መምህሩ።

አፉ ሳልለው ወጥቼ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ደሴ ተመለስን። ኮምፒውተሩን አብርቼ በአሮጌው ከርነል አስነሳሁት፤ ለአዲሱም የጎደለውን ፋይል ሠራሁለት፤ ደጋግሜ አጥፍቼ እያስነሳሁ ፈተንኩት። የእሱ ሐቅ እኔ ላይ እንዲቀር ስለማልፈልግ አሳምሬ ነው የሠራሁት። የኒካሁንም ፎቶ ከፍቼ አሳየሁት። ሙሽራዋ ልጁ ቆንጆ ናት።

በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እዚያው ሐጅ ላይ ብሞትስ፣ ልጄ?»

«እንግዲያው አኺራ እንገናኛለን፣ ጋሼ» አልኩት፤ ማሽኑንም እስከ መኪናው ድረስ ተሸክሜ አደረስኩለት።