በገብስ አገዳ መተንፈስ

አባቴ ሰው አያምንም፤ እኔም በእሱ ወጥቻለሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት በቤታችን ያወቅነው ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ አንዲት የጤና መድን ሠራተኛ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ስለ አስም ላስተምራችሁ» ብላ ደጀ ሰላሙ ላይ ስትቆም፣ እኔና አባቴ ተያየን።

ጊዜው ኢንጅባራ ዙሪያ ገበሬው የገብስና የድንች ማሳውን በዲከረንስ ዛፍ የሸፈነበት ነበር። ዛፉ ቶሎ ይደርሳል፤ ተቆርጦ፣ ተከምሮ፣ አፈር ለብሶ ይከስላል፤ ከሰሉም በጆንያ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። የቤታችን ቆርቆሮ የተገዛው በዚሁ ነው። አባቴ የሚያከስልበት ቁልል ከጓሯችን ስለነበር ሌትም ቀንም ይጨስብናል።

እናቴ ደግሞ አስም ነበረባት። ሁለት ቃል ትናገርና ታርፋለች። ባለፈው ክረምትማ ብሶባት ንስሐ አባቷን እስከ መጥራት ደርሰን ነበር። ከሐኪም ቤት የሰጧት በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አላት፤ አባቴ ግን «አንዴ ከለመድሽው አይለቅሽም፤ ለክፉ ቀን ይቀመጥ» ብሎ ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል።

ሠራተኛዋ የአገራችን ልጅ ኖራ አማርኛውን ትታ በአዊኛ ጀመረች። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «በቋንቋህ የመጣብህን አብልጠህ ፍራ» አለኝ። እሷ ለወንዶቹ የገብስ አገዳ ማደል ያዘች።

«አፍንጫችሁን ያዙና በዚች ብቻ ተንፍሱ። አስም ሲነሣ እንዲህ ነው።»

ሰዉ እየሳቀ ሞከረ። ሳቁ ብዙም አልቆየም። አባቴ አገዳዋን ጥሎ እናቴን በሴቶቹ በኩል አያትና ቶሎ አቀረቀረ። ወዲያው ግን ቀና ብሎ፣

«አንቺ ልጅ፣ እኛ ባንታመም ለእናንተ ምን ይረባችኋል?» አላት።

«አባቴ፣ ከእርስዎ ቤት ሰው ታሞ ሐኪም ቤት ሲተኛ የሚከፍለው ሁላችሁ ያዋጣችሁበት መድን ነው። ባይተኛ ለመድኑም ይተርፈዋል። ጥቅማችን ይኸው ነው።»

ጥቅሙን እንዲህ ፊት ለፊት የሚናገር የቢሮ ሰው አይቼ አላውቅም። «ይቺስ አልዋሸችም» አለ ከኋላዬ አንዱ። እኔ እንኳ ልቤ ረገብ አለ። መድኃኒቱ ሱስ እንደማያስይዝ፣ ሐኪም እንዳዘዘው መውሰድ እንደሚገባ ስትናገርም ሰዉ ጸጥ ብሎ ሰማት። ቀጥላ «የከሰል ቁልልም ከመኖሪያ ቤት ይራቅ» ስትል ግን አባቴ ተነሣ።

«ይኸው! ከሰላችንን ሊያስቆሙን ነው የመጡት!»

ጥሎ ወጣ፤ ግማሹ ሰው ተከተለው። እኔም ተከተልኩ። ጨዋታው ሁሉ ለዚህ ኖሯል ብዬ ተናደድኩ።

እናቴ ግን ቀረች። ከልጅቷ ጋር ብዙ ቆይታ መጣችና አባቴን የሣጥኑን ቁልፍ ጠየቀችው። እየተነጫነጨ ሰጣት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ታየች፤ አጠቃቀሙንም ተማረች። አባቴ መድኃኒቱን ስትስብ በጎን እያየ «ቆይ፣ ጉዱን እናያለን» ይላል። ቁልሉ ከጓሮ አልተነሣም።

የክረምቱ ዝናብ ካባራ በኋላ ሦስታችን ከኢንጅባራ ገበያ እየተመለስን ነበር። ዳገቱን ጀምረናል። እናቴ አረፍ የምትልባት ድንጋይ አጠገብ ስንደርስ አልተቀመጠችም።

«አንተ ሰው፣ የሚያንቀኝ የጓሮው ጭስ መሆኑን ከማንም በፊት አንተ ታውቅ ነበር፤ ያቺን ልጅ የሸሸሃት ከሰሉን ታስቆማለች ብለህ ሳይሆን ይህን እንዳትናገርብህ ነው።»

በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። እናቴ እንዲህ ረጅም ነገር ሳታቋርጥ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር አባቴን ለካ ዘልዬው ኖሬአለሁ።

አባቴ ቆመ። ይክዳል ብዬ ጠበቅሁ።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ።

እናቴ እኔን አለፈችኝ፤ እሱንም አለፈችው፤ ዳገቱን ቀድማን ወጣች።