ያልተመለሰው ምት

አንጉሪ እጇን እንኳ ሳትታጠብ የናሱን ትሪ ይዛ ጣሪያው ላይ ወጣችና በጭልፋ ትቀጠቅጠው ጀመር። ቀትር ቢሆንም ጉሙ አልተገፈፈም፤ የጎረቤት ግድግዳ እንኳ አይታይም። ድምፁ ግን በየቤቱ ገባ። ታች ግቢው ውስጥ ፉልወቲ የላዱ ጣፋጭ የሞላበትን ቅርጫት ከፍታ ማደል ያዘች። ምራቷ ሳንትሮ ወንድ ወልዳለች።

በሕንድ፣ በሃርያና ገጠር ወንድ ሲወለድ ትሪ ይመታል። ሴት ስትወለድ ዝም ነው። አንጉሪ አዋላጅነቱንም ትሪውንም የወረሰችው ከአማቷ ነው። በወጣትነቷ ትሪው ተሰቅሎ አቧራ የሚጠጣበት ጊዜ ነበረ። አልትራሳውንድ የጫነው ነጭ መኪና ከጡብ ማቃጠያው ጀርባ መቆም ከጀመረ ወዲህ ግን ትሪው አላረፈም።

የመኪናው ሰውዬ በግልጽ አይናገርም፤ ሕግ ያስረዋል። ወንድ ከሆነ «ጣፋጭ አዘጋጁ» ይላል። ሴት ከሆነች መሣሪያውን እየወለወለ ዝም ይላል። ዝም የተባለችው ሴት በማግስቱ ከተማ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሆዷ ባዶ ነው። ለዚያ አንጉሪን የሚጠራት የለም። ሳንትሮም ሁለት ጊዜ ሄዳ ተመልሳለች።

መኪናው መቆም ከጀመረ ወዲህ አንድ ነገር መጣ። አንጉሪ መትታ ስታቆም ከጡብ ማቃጠያው በኩል አንድ ትርፍ ምት ይመለሳል። አንድ ብቻ፣ ዘግየት ብሎ።

«የገደል ማሚቶ ነው» አላት ባሏ።

«ገደሉ የታለ?» አለችው። አገሩ እንደ መዳፍ ሜዳ ነው።

ዛሬም መትታ አቆመችና ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ደግማ መታች። ዝም።

ያ ምት ወንድ በተወለደ ቁጥር ሳይመለስ ቀርቶ አያውቅም። ሕፃኑን ስትቀበል ወንድ ይሁን ሴት አላየችም ነበር። እትብቱን ቆረጠች፣ ጠቀለለች፣ ለእናቱ ሰጠች። መኪናው «ጣፋጭ አዘጋጁ» ካለ ወዲያ ማን ያያል?

ወርዳ ጨርቁን ገለጠች። ሴት ናት።

«አውቄያለሁ፣ እትዬ» አለች ሳንትሮ ከተኛችበት። «ትሪው እስኪመታ ነው ዝም ያልኩት።»

ፉልወቲ ቅርጫቷን እንደያዘች ገባች። አየች።

«ዕድሜሽን ሙሉ ስታዋልጂ ኖረሽ ዛሬ ታወርሽ?»

«ያየው መኪናው ነው። ሂጂና እሱን ጠይቂ።»

ፉልወቲ ቅርጫቱን አስቀምጣ እጆቿን ዘረጋች። ድምጿ ለስለስ አለ። «ስጪኝ እስቲ፣ ልጄ። ብርድ ነው። ጨቅላ ደግሞ ብርድ አይችልም፤ እስከ ማታም ላትቆይ ትችላለች።»

ሳንትሮ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጣበቀች።

«ላዱሽን መንደሩ በልቶታል» አለች አንጉሪ። «አሁን ሊመርቁ ይመጣሉ። ትሪ የተመታለት ልጅ የታለ ሲሉሽ ምን ልትይ ነው?»

ሴቶቹ እየተሳሳቁ በሩ ላይ ደርሰው ነበር።

«አያቲቱ! አውጪውና እንየው እንጂ! ከአሁኑ ደበቅሽው?»

ፉልወቲ እጆቿን ሰበሰበች። በሻሿ አፏን ጠረገችና የቀረውን ጣፋጭ ልታድል ወጣች።

ልጅቷ ዊድያ ተባለች። አሁን አሥር ዓመቷ ነው። እህቶች በወንድሞቻቸው እጅ ላይ ክር በሚያስሩበት በዓል ጠዋት፣ እህት የሌላቸው የሰፈሩ ወንዶች ልጆች እጃቸውን ዘርግተው በሯ ላይ ይሰለፋሉ።