ወረደ የተባለው እንጥል

ይህ የሆነው በጠላት ዘመን፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ከያዘ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በጋዜጠኝነት ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ብዙ ነገርም አይቻለሁ። ሆኖም ሰው ድምፁ ሰልሎ ሲናገር በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ አንድ ቀን ነው። የማስታውሰውን እጽፋለሁ፤ ያልሰማሁትን አልጨምርም።

በዚያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጣሊያናዊ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ስሠራ ቋንቋውን ለምጄ ነበር። ወደ አገሬ ስመለስ ይህ ተሰማና የጣሊያን ጦር በከተማው ባቋቋመው ክሊኒክ አስተርጓሚ አደረጉኝ። ወድጄ አልገባሁበትም፤ ጥዬ ለመውጣትም ድፍረቱ አልነበረኝም። ገበያ ውስጥ ሰዎች "የጣሊያን አፍ" ይሉኝ ነበር። እውነት ስለሆነ መልስ አልሰጥም።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነበር። ሐኪሙ ኮስታራ ሻምበል ነው። ሥራውን ያውቃል፤ ከሥራው ውጭ ከማንም ጋር ብዙ አይነጋገርም። በየቀኑ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሩን ዘግቶ ምሳውን ይበላና ይተኛል። በዚያ ሰዓት የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም።

በዚያ ቀን ረፋድ ላይ ከደብረ ኤልያስ አንድ መሪጌታ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ፤ ሃምሳ ዓመት ያህል ይሆናቸዋል፤ የዜማ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ በቅሎዋን ከአጥሩ አስረው ወደ እኔ መጡ።

"አንተ ነህ የጣሊያን አፍ የሚሉህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ዛሬ ለእኛም አፍ ሁነን። የመሪጌታ ተዘግቷል።"

ነገሩን የነገሩኝ ወይዘሮ የሺ ናቸው። መሪጌታ ድምፃቸው ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መጀመሪያ ሰለለ፣ ቀጥሎ ሳል መጣ፣ ከዚያ ምራቃቸው ደም ቀላቀለ። ዜማ በቃል የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ መምህሩ ካላዜመ ተማሪው የሚቀበለው ነገር የለም። ሁለት ተማሪዎች ስልቻቸውን ይዘው ወደ ሌላ መምህር ሄደዋል። የአገሩ ሰው እንጥል ነው ብሎ ወስኗል። እንጥል ቆራጩም ለቅዳሜ ተቀጥሯል።

"ደሙን ባላይ እኔም እሺ ባልኩ። ደም ያየሁበትን ጉሮሮ ግን ለቢላ አልሰጥም" አሉ ወይዘሮ የሺ።

አስገባኋቸው። ሐኪሙ ምን ሆነው ነው ሲል መሪጌታ በሹክሹክታ "እንጥሌ ወርዷል" አሉ። እኔ ለእንጥል ጣልያንኛ ስም አላውቅለትም። ስለዚህ "ጉሮሯቸው ውስጥ የሚንጠለጠል ነገር ነበር፤ እሱ ወድቋል" ብዬ ተረጎምኩ።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። "የት ወደቀ? ዋጡት ወይስ ይዘውት መጥተዋል?"

አስተርጓሚ ስለሆንኩ ይህንንም ተረጎምኩ።

"እናንተዬ" አሉ ወይዘሮ የሺ፣ "እንጥል ደግሞ በመቀነት ተቋጥሮ ይመጣል?"

መሪጌታ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ድምፅ አልነበረውም። ትከሻቸው ብቻ ነው የተንቀጠቀጠው። ያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ ገባኝ።

ሐኪሙ በመስኮቱ ትይዩ አስቀመጣቸው። ምላሳቸውን በነጭ ጨርቅ ይዞ ወደ ውጭ ሳበ። በረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ ያለች ከሳንቲም የምታንስ ክብ መስታወት በአልኮል መብራት አሞቀ፤ ትንፋሽ እንዳያደበዝዛት ነው። ከእንጥላቸው ሥር አስገባትና "ኢ ይበሉ" አለ። እንጥላቸው በቦታው ነበር። ሐኪሙ ግን ለረጅም ጊዜ አጎንብሶ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር።

የነገረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ማንቁርታቸው ላይ ዕጢ አለ። አዲስ አበባ ሄደው ማንቁርታቸው መውጣት አለበት። ያን ካደረጉ በሕይወት ይኖራሉ፤ ድምፅ ግን አይኖራቸውም።

"ማንቁርት ከወጣ በምን እበላለሁ?" ሲሉ መሪጌታ ጠየቁ።

ሐኪሙ በጣቱ አንገቱን እያሳየ አስረዳ። ጉሮሮ የምንለው አንድ ቧንቧ ሳይሆን ሁለት ነው። የኋለኛው የምግብ ነው፤ የፊተኛው የትንፋሽ ነው። ማንቁርት የትንፋሹ ቧንቧ ጫፍ ነው፤ ድምፅም የሚወጣው ከዚያ ነው። ምግብ ሲያልፍ ክዳን ይወርድና የትንፋሹን ይሸፍነዋል። ስለዚህ የፊተኛው ቢነካ የኋለኛው ደኅና ነው።

መሪጌታ በጥሞና ሰሙ። "አንድ ስም፣ ሁለት መንገድ" አሉ በሹክሹክታ። "ሰምና ወርቅ ነዋ። ሰሙን ይተዉልኝና ወርቁን ሊወስዱ ነው።"

ይህን ለሐኪሙ አልተረጎምኩም። እንዴት እንደሚተረጎም አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም።

ወይዘሮ የሺ ግን ጥያቄ ነበራቸው። "ያየው ነገር ምን ይመስላል? አየሁ ያለውን እንዳለ ንገረኝ፤ አታሳምርልኝ።"

ሐኪሙ ደስ ሳይለው መለሰ፤ እኔም ቃል በቃል ነገርኳቸው። "ጥቁር ነው። እርጥብ ነው፣ ያብለጨልጫል። መሪጌታ ኢ ሲሉ ይኮማተራል።"

"ምን አልክ?"

"ይኮማተራል።"

"ዕጢ ይኮማተራል እንዴ?" ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "አንቱ መሪጌታ፣ ድምፅዎ ከመጥፋቱ በፊት ከሮብ ገበያ ሲመለሱ ምንጭ ላይ ተደፍተው ጠጡ ወይስ አልጠጡም?"

መሪጌታ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። "ጠምቶኝ ነበር።"

"አልቅት ነው" አሉ ወይዘሮ የሺ። "አምና በበቅሎዬ ጉሮሮ የገባው አልቅት ነው። ደሟን መጥጦ ሊገድላት ነበር።"

ለአልቅትም ጣልያንኛ ቃል የለኝም። "በውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ደም የሚመጥ ትል" አልኩ። ሐኪሙ ቅንድቡን ሰቀለ፤ መስታወቱን እንደገና አሞቀ። በዚህ ጊዜ እኔም በትከሻው ላይ አሻግሬ እንዳይ ፈቀደልኝ።

የሰው ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ያን ቀን አየሁ። በመስታወቷ ውስጥ እንደ ቅጠል የቆመ ክዳን አለ። ከበታቹ ሁለት ነጫጭ ጅማቶች አሉ፤ ርዝመታቸው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። መሪጌታ ሲተነፍሱ ይከፈታሉ፤ ኢ ለማለት ሲሞክሩ ይቀራረባሉ። ሊገጥሙ ግን አልቻሉም፤ በመካከላቸው ያ ጥቁር ነገር ተጋድሟል። እያየሁት ራሱን አሳጥሮ ወፈረ። ዕጢ እንዲህ አያደርግም።

ሐኪሙም አየው። ስሙን በቋንቋው ጠራ፤ ደንግጦም እንደ መሳቅ አለ። በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። በወረንጦ አወጣዋለሁ፣ አስቀድሜ ግን ጉሮሮውን የሚያደነዝዝ ጠብታ ላድርግ አለ።

"ይዋጣል?" አሉ መሪጌታ።

ጠየቅሁ። ጥቂት መዋጡ አይቀርም አለ።

"እንግዲያው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ጾም ላይ ነኝ።"

ሐኪሙ ፊቱ ቀላ። አልቅቱ ቢንሸራተት ትንፋሽ ይዘጋል፣ ይህ ሞኝነት ነው አለ። ተረጎምኩ። መሪጌታ በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መልሳቸው ግን አልተለወጠም። በዚህ መካከል ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ስድስት ሆኗል። እጁን ታጠበና "በዘጠኝ ሰዓት ይመለሱ" ብሎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ፤ በሩን ዘጋ።

"ምን አለ?" አሉ ወይዘሮ የሺ።

"እሱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይሠራም።"

"እሱም ይጾማል?"

"አይ፤ እሱ የሚበላበት ሰዓት ነው።"

"ተስማምተዋላ" አሉ።

ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ወይዘሮ የሺ ግን ዝም ብለው መጠበቅ አልሆነላቸውም። ከበርሜሉ ቀዝቃዛ ውሃ በሳህን ቀዱና ከባለቤታቸው አገጭ ሥር አደረጉት። አልቅት ውሃ እንደሚወድ አስረዱኝ። ጉሮሮው ሲደርቅበት፣ የቀዝቃዛ ውሃ እርጥበት ሲሸተው ቀስ ብሎ ይወጣል። አፍን ከፍቶ በውሃው ላይ መተንፈስ ነው፤ መጠጣት የለም። መሪጌታ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም። ለዚህ ከጾመኛ የተሻለ ሰው አይገኝም።

መሪጌታ አንድ ጊዜ ቀና ብለው "በቅሎ አደረግሽኝ" አሉ።

"በቅሎዬ የአንቱን ያህል አልተከራከረችኝም። አፍዎን ይክፈቱ።"

ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲህ ቆየን። በመንገዱ ሁለት ወታደሮች አለፉ፤ ትልቅ ሰው በሳህን ላይ አፉን ከፍቶ ሲያዩ ተሳሳቁ። መሪጌታ አልተንቀሳቀሱም።

ከዚያ በድንገት የባለቤታቸውን ክንድ ጨመደዱ። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ሳሉ፣ ትንፋሻቸው ሲር ሲር አለ። አልቅቱ ለቆ መውጣት ጀምሯል፤ ከመንገድ ግን ቆሟል። ወይዘሮ የሺ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈሩ። "አንተ ልጅ፣ አፍ ሁነን ብየህ የለም?" አሉኝ።

ተነሥቼ የሐኪሙን በር በጡጫ መታሁ። ያን በር በዚያ ሰዓት መትቼው አላውቅም። ሐኪሙ በካናቴራ ወጣ፤ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት የመሪጌታን ፊት አየ። ወረንጦውን አንሥቶ ሮጠ፣ ምላሳቸውን በእጁ ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞራቸው። አልቅቱ ከእንጥላቸው ኋላ ራሱን አውጥቶ ነበር። ያዘው፤ ሳይስብ ጥቂት ጠበቀ፤ ሲላላ ቀስ ብሎ አወጣው። ሳህኑ ውስጥ ሲወድቅ እንደ ትንሽ ጣት ይረዝም ነበር።

መሪጌታ ደም ተፉ፣ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። ከዚያ ተናገሩ። ድምፁ የሻከረ ነበር፤ ነገር ግን ድምፅ ነበር፣ ሹክሹክታ አይደለም።

"ስንት ሰዓት ነው?"

ሐኪሙ ጥያቄው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስነግረው ሰዓቱን አሳያቸው። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። ጠብታውም አላስፈለገም፤ ጾማቸውም አልተሻረም። ሩብ ሰዓቱን ጠበቁና ከሌላ ዕቃ ውሃ ጠጡ። ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት እንዳያዜሙ አዘዘ። አልቅቱን በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም የገበሬ ሴት ስትናገር ንግግሯን ሳላሳጥር እንድተረጉምለት ይጠይቀኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ወይዘሮ የሺን ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። የመሪጌታን ድምፅ ጠየቅኋቸው።

"ተመለሰ እንጂ። የሄዱት ተማሪዎችም ተመልሰዋል፤ ሌላ ሦስት ጨምረዋል። ሦስት ሳምንት ቤቴ ጸጥ ብሎልኝ ነበር፤ አንተና ያ ጣሊያን ናችሁ ያመጣችሁብኝ።" ይህን ሲሉ ይስቁ ነበር። ስሜንም ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ በገበያ ሲያዩኝ በስሜ ጠሩኝ።

በክሊኒኩ ስለሠራሁበት ዘመን ብጠየቅ የምኮራበት ብዙ ነገር የለኝም። ለዚያ ቀን ግን ደስተኛ ነኝ። ያደረግሁት ትንሽ ነው፤ የሰማሁትን እንዳለ ተናገርኩ፣ አንድ በር መታሁ። መሪጌታ ጠላት ከወጣ በኋላም ብዙ ተማሪ አስተምረው፣ አርጅተው ዐረፉ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ አሁን በምኖርበት ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። በበዓል ቀን ሲያዜም ከኋላ ቆሜ አዳምጣለሁ። ድምፁ የራሱ ነው፤ አነሣሡና አወራረዱ ግን ከማን እንደተቀበለው አውቃለሁ። ሲጨርስ ቀስ ብዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።